ከአደጋ ቦታ የሚመለሱትን መጠበቅ፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር የተረኛ ቡድን መሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

አምቡላንስ ከጥሪ ሲመለስ መጀመሪያ የሚታየው መኪናው ነው። የኦክስጅኑ መጠን ይለካል፤ ያለቀው ጓንትና ፋሻ ይተካል፤ ወለሉ በበረኪና ይታጠባል፤ ነዳጁ ይሞላል። የሚቀጥለው ጥሪ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ይህ ሥራ ለነገ አይባልም። በዚያው መኪና የተመለሱት ሹፌርና ነርስ ግን እጃቸውን ታጥበው፣ መዝገቡን ፈርመው፣ «እንዴት ነበር?» ለሚላቸው ሰው «ያው ነው» ብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ስመላለስ ኖሬአለሁ። በኋላ የተረኛ ቡድን አስተባባሪ ሆኜ ስሠራ የተረዳሁት፣ ሰውን ለሚቀጥለው ተራ ማዘጋጀት መኪናን ከማዘጋጀት የማያንስ ሥራ መሆኑን፣ በቅደም ተከተል ከተሠራም ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ መሆኑን ነው።

መመሪያው የተጻፈው የአምቡላንስ፣ የእሳትና አደጋ መከላከል፣ የትራፊክ ፖሊስ፣ የድንገተኛ ክፍልና የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ለሚመሩ ሰዎች ነው። የአእምሮ ሐኪምን አይተካም። ሐኪም ከሚያስፈልግበት ደረጃ በፊት ቡድን መሪው በገዛ እጁ ሊሠራ የሚችለውን፣ ሐኪም የሚያስፈልግበትንም ጊዜ እንዴት እንደሚለይ ያሳያል።

አንደኛ ርምጃ፦ ቡድኑ ማን ማን እንደሆነ ይመዝግቡ

የአደጋ ጊዜ ሠራተኛ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ነርሱን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛውንና ፖሊሱን ነው። በእኛ አካባቢ ዝርዝሩ ከዚህ ይሰፋል። የአምቡላንስ ሹፌር ቃሬዛውን አብሮ ያነሣል፤ ከኋላው የሚሰማውን ጩኸት ዞሮ ማየት ሳይችል እየሰማ ይነዳል፤ ሆኖም የጤና ባለሙያ አይደለም ተብሎ ከሥልጠናውም ከውይይቱም ይቀራል። ስልክ ተቀባዩ የእናትን ኡኡታ ይሰማል፤ ነገሩ በምን እንዳለቀ ግን የሚነግረው የለም። መኪናውን የምታጥበው ሠራተኛ ደግሞ የማንን ደም እንደምታጥብ ሳታውቅ ታጥባለች፤ አንዳንድ ጊዜም ወለሉ ላይ የሕፃን ጫማ ታገኛለች። ሐይቁ ሰው ሲወስድ ፈልገው የሚያወጡት ብዙውን ጊዜ ታንኳ ቀዛፊዎች፣ ዓሣ አጥማጆችና ዋና የሚችሉ የሰፈር ወጣቶች ናቸው፤ ሥራው ሲያልቅ አመስግኖ የሚሸኛቸው እንጂ በሳምንቱ «እንቅልፍ አላችሁ ወይ?» የሚላቸው አይገኝም።

ስለዚህ አንድ ደብተር ያዘጋጁና የእነዚህን ሁሉ ስም፣ ስልክ፣ ከማን ጋር እንደሚኖሩና ሲከፋቸው ማን እንዲጠራላቸው እንደሚፈልጉ ይጻፉ። «ከማን ጋር ይኖራል?» የሚለው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከከባድ አደጋ በኋላ ተከራይቶ ብቻውን ወደሚኖርበት ክፍል የሚገባው ወጣትና ቤተሰብ ወደሚጠብቀው ቤት የሚገባው ሰው የሚያስፈልጋቸው ክትትል አንድ አይደለም። ደብተሩ በእርስዎ እጅ ብቻ ይቆይ፤ ከሠራተኛው የግል ማኅደር ጋር አይያያዝ። አንድ ሰው የነገረዎት ነገር ለዕድገት ወይም ለቅጣት መነሻ ሆኖ ከተገኘ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ሰው አንዳች ነገር አይነግርዎትም።

ሁለተኛ ርምጃ፦ ከአደጋው በፊት ያለውን ጊዜ ይጠቀሙበት

ሰዎችን በጥንድ ያደራጁ። ጥንዱ የሚመሠረተው በማዕረግ ሳይሆን በመግባባት ነው፤ ስለዚህ እርስዎ ከሚመድቡ ይልቅ እነርሱ እንዲመርጡ ያድርጉ። የጥንዱ ግዴታ ሁለት ብቻ ነው፦ ከከባድ ጥሪ በኋላ ባልደረባን ብቻውን ወደ ቤት አለመላክ፣ በባልደረባው ላይ ያልተለመደ ነገር ሲታይም ለእርስዎ ማሳወቅ።

ቀጥሎ ከአደጋ በኋላ በሰውነት ላይ ምን እንደሚደርስ አስቀድመው ያስረዱ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ሊጠፋ፣ የታየው ነገር ሳይጠራ ዓይን ላይ ሊመጣ፣ በበር ድምፅ መደንገጥ፣ በትንሽ ነገር መቆጣት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ሊኖር እንደሚችል ይንገሯቸው። ይህ የእብደት መጀመሪያ እንዳልሆነ፣ በብዙዎቹ ላይም በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ እንደሚሄድ በግልጽ ይናገሩ። ይህን አስቀድሞ የሰማ ሰው ምልክቱ ሲመጣበት በምልክቱ ላይ ፍርሃት አይጨምርበትም። ሳልሰማው በመቅረቴ፣ በሥራዬ መጀመሪያ አካባቢ ለሦስት ሳምንታት ያህል ላብድ ነው እያልሁ ለማንም ሳልነግር ቆይቻለሁ።

የእንቅልፍ ጉዳይ ከምክር ሁሉ ይቀድማል። አንድ ሰው ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ ሲቆይ ንቃቱና የምላሽ ፍጥነቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ፣ 24 ሰዓት ሲሞላውም ወደ 0.10 በመቶ እንደሚጠጋ በጥናት ታይቷል። እንግዲህ አዳሩን ሠርቶ ጠዋት በሰው ምትክ የሚቀጥል ሹፌር ጠጥቶ ከሚነዳ ሰው እምብዛም አይለይም ማለት ነው። አዳር ለሚሠሩት በሌሊቱ መካከል ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሚሆን መጋደሚያ ይፍቀዱ፤ ሁለት አዳሮችን አያገናኙ፤ ቡና በተራው የመጀመሪያ አጋማሽ እንዲጠጣ ያበረታቱ። ቡና ከተጠጣ ከአምስት ሰዓት በኋላ እንኳ የማነቃቂያው ግማሽ ያህል ከሰውነት ስለማይወጣ፣ ሊነጋ ሲል የተጠጣ ስኒ የቀኑን እንቅልፍ ይወስዳል። ጫትም እንዲሁ ነው። ከተማችን በጫት የታወቀች በመሆኗ ብዙ ተረኛ ለመንቃት ይቅማል፤ ከዚያ ለመተኛት አረቄ ይጨምራል፤ ከዚህ አዙሪት መውጣት ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ጉዳይ በቁጣ ሳይሆን በግልጽነት ይነጋገሩ።

ጾምንም ከፕሮግራሙ ጋር ያስቡ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው አዳር ሠርቶ ሲያድር ባዶ ሆድና እንቅልፍ ማጣት ይደራረቡበታል። ጾምህን ተው ማለት የእርስዎ ሥራ አይደለም፤ የዕረፍቱን ሰዓት ከመብሊያው ሰዓት ጋር ማገናኘት ግን ሥራዎ ነው። በረመዳንም ሙስሊም ባልደረባ በማፍጠሪያው ሰዓት የሚተካው ሰው ይኑረው።

ሦስተኛ ርምጃ፦ በአደጋው ቦታ ላይ የሚታየውንና የሚሸከሙትን ይቀንሱ

ማየት የማያስፈልገው ሰው አይይ። አስከሬን በቶሎ ይሸፈን፤ ለመሸከም ሁለት ሰው ከበቃ አራት ሰው አይቅረብ፤ አዲስ የገባ በጎ ፈቃደኛ በመጀመሪያው ከባድ ቀኑ ሕዝቡን በማራቅ ወይም ዕቃ በማቀበል ይሠማራ። ሥራው ከተራዘመ ሰዎችን እያፈራረቁ ያሳርፉ። ሰው ሰፋ ያለ አደጋ ሲገጥመው «እኔ አልደከመኝም» ማለቱ ስለማይቀር ዕረፍቱ ጥያቄ ሳይሆን ትእዛዝ ይሁን። እጁ የሚንቀጠቀጥ ባልደረባ ካዩ ከቦታው ትንሽ አርቀው ያስቀምጡት፤ እስከ አራት እየቆጠረ አየር ወደ ውስጥ እንዲያስገባ፣ እስከ ስድስት እየቆጠረ ቀስ ብሎ እንዲያስወጣ አብረውት ለአምስት ደቂቃ ይተንፍሱ። ትንፋሽ ማስወጫው ከማስገቢያው ሲረዝም የልብ ምት ይረጋጋል።

አሁን ብዙ መመሪያዎች ስለማያነሡት ስለ መርዶ ልናገር። በባህላችን መርዶ የራሱ ሥርዓት አለው። ጎረቤት ይጠራል፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ በቤቱ ውስጥ ሕመም ያለበት ሰው መኖሩ ይጠየቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም ማለዳ ላይ ይነገራል። በአደጋ ቦታ ይህ ሥርዓት በአንድ የስልክ ጥሪ ይፈርሳል። የሟቹ ስልክ በኪሱ ውስጥ ይጮኻል፤ በስልኩ መስታወት ላይ «እማዬ» የሚል ይነበባል፤ ዙሪያውን የቆሙት ሁሉ እርስ በርስ ይተያያሉ። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ስልክ አንሥቼ «ልጅዎ ደኅና ነው፤ ትንሽ ተጎድቶ ነው» ብዬ ዋሽቻለሁ። ያየሁት ደም ሁሉ እየደበዘዘ ሲሄድ የእኚያ እናት «ተመስገን» ያለው ድምፅ ግን ለዓመታት ከጆሮዬ አልጠፋም።

ይህ በሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ አስቀድመው ሕግ ያውጡ። የተጎጂዎች ስልክ ሁሉ ለአንድ ሰው፣ የሚቻል ከሆነም ለፖሊስ፣ ይሰጥ። ስልኩን የሚያነሣው ሰው አይዋሽ፤ ሞትንም በስልክ አይናገር። «አደጋ ደርሷል፤ በአካል የሚያነጋግርዎ ሰው አለ፤ አሁን አብሮዎት ማን አለ? እባክዎ ስልኩን ይስጡልኝ» ማለት ይችላል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ለጎረቤት፣ ለእድሩ ሰዎችና ለሽማግሌ ይተላለፍ፤ መርዶውን እነርሱ በወጉ ይወስዱታል። መርዶ ነጋሪው የአምቡላንሱ ሠራተኛ መሆን የለበትም፤ ከመሆን ማምለጥ ካልተቻለም ብቻውን አይሂድ።

በሐይቁ ላይ የሚደረግ ፍለጋ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቤተሰብ ዳርቻው ላይ ተቀምጦ ቀናት ሊጠብቅ ይችላል፤ የሚጠብቀውም የቀዛፊዎቹን ፊት ነው። ከሰዓት በኋላ በጣና ላይ ነፋስና ማዕበል ስለሚበረታ ፍለጋው በማለዳ ይሁን፤ ቀዛፊዎች በተራ ይውጡ፤ ለቤተሰቡ የሚናገር ሰው ለብቻው ይመደብ። ከሁሉ በላይ ፍለጋውን ለዛሬ የማቆም ውሳኔ በቀዛፊው ላይ አይጣል። ውሳኔውን እርስዎ ይወስኑ፤ ለቤተሰቡም እርስዎ ይንገሩ። አንድ ቀዛፊ «እኔ ነኝ የተመለስሁት» የሚለውን ሐሳብ ይዞ ወደ ቤቱ ከገባ በዋለበት ሁሉ ይዞት ይኖራል።

አራተኛ ርምጃ፦ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

እንደተመለሱ ውኃ፣ መታጠቢያ፣ ንጹሕ ልብስ፣ የሚበላ ትኩስ ነገር ያዘጋጁ። ከዚያ ከ15 ደቂቃ የማይበልጥ የሥራ ግምገማ ያካሂዱ፦ ምን ሆነ፣ ምን ሠራን፣ የጎደለው ዕቃ ምንድን ነው፣ ቀጥሎ ማን ምን ይሠራል። ስሜትን በዚህ ስብሰባ ላይ አይጠይቁ።

ምክንያቱን ማስረዳት ይገባኛል። ጄፍሪ ሚቸል የተባለ ቀድሞ በእሳት አደጋና በአምቡላንስ ሥራ የነበረ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 ሠራተኞችን ከአደጋ በኋላ በአንድነት ሰብስቦ ያዩትንና የተሰማቸውን በዝርዝር የማናገር ዘዴ አስተዋወቀ፤ ዘዴውም በብዙ አገር ተሠራበት። የታሰበው በጎ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2002 ጥናቶችን ያሰባሰበው የኮክሬን ግምገማ፣ አደጋ ለደረሰበት ሰው ወዲያውኑ የሚሰጥ የአንድ ጊዜ ማናገር ኋላ የሚመጣውን ሕመም፣ ማለትም ከአስደንጋጭ አደጋ በኋላ የሚቆይ የጭንቀት ሕመምን (ፒቲኤስዲ)፣ እንደማይከላከል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1997 በቃጠሎ በተጎዱ ሰዎች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ደግሞ ከዓመት በኋላ ሕመሙ የታየው ከተናገሩት መካከል በ26 በመቶው፣ ካልተናገሩት መካከል በ9 በመቶው ላይ መሆኑን አግኝቷል። በእርግጥ እነዚህ ተጎጂዎች እንጂ ሠራተኞች አልነበሩም፤ ቢሆንም ሰውን ገና ሳይበርድለት እንዲናገር ማስገደድ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ለማስጠንቀቅ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ በምትኩ የሚመክረው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታን ነው፤ ዋና ሐሳቡም መመልከት፣ ማድመጥና ከሚረዳ ሰው ጋር ማገናኘት ነው። መናገር የፈለገ ይደመጥ፤ ዝም ያለም በዝምታው ይከበር።

ለመናገር ከሚፈልግ ሰው ጋር ሲቀመጡ «ቻለው»፣ «ወንድ አይደለህ?»፣ «ከዚህ የባሰም አይተናል» የሚሉትን ቃላት ይተዉ። «ቻለው» በእኛ ዘንድ የፍቅር ቃል እንደሆነ አውቃለሁ፤ አባቶቻችንም በእርሱ ብዙ ነገር አልፈዋል። ከአፍ ሲወጣ ማበርቻ የሆነው ቃል ግን ጆሮ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ «አትንገረኝ» ይሆናል። «ዛሬ ከባድ ነበር፤ አብሬህ ነኝ» ማለት ይሻላል።

በዚያ ሌሊት ለመተኛት ተብሎ ዳያዜፓም አይሰጥ። ባልደረቦቻችን መድኃኒት በእጃቸው ስለሚገኝ ይህን ፈተና በቅርብ ያውቁታል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአስደንጋጭ አደጋ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር እንዲህ ያሉ የሚያረጋጉና የሚያስተኙ ክኒኖች የጭንቀትን ምልክት ለማስታገስ እንዳይሰጡ ይመክራል፤ ጥገኝነት ያስከትላሉ፣ ሰው በተፈጥሮ የሚድንበትንም መንገድ ሊያዘገዩ ይችላሉ። የድንገተኛ መድኃኒት ሣጥን ሲቆጠር ይህም ታስቦ ይቆጠር።

አምስተኛ ርምጃ፦ በሣልስት፣ በሰባት፣ በሠላሳና በሰማንያ ይጠይቁ

እኔ ለቡድኖቼ ካስተማርሁት ሁሉ የበለጠ የጠቀመው ይህ ነው። ክትትል የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በክፋት ሳይሆን በመርሳት ነው፤ አዲስ ጥሪ ይመጣና የትናንቱ ይረሳል። ነገር ግን የእኛ ሕዝብ ከሐዘን በኋላ ቀን መቁጠርን የሚያስተምረው ሰው አያስፈልገውም። ሣልስት፣ ሰባት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት በሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ ናቸው። ይህን ለሟች የምንቆጥረውን ቁጥር ለሕያው ሠራተኛም ልንጠቀምበት እንችላለን። ከሃይማኖት ሥርዓቱ ጋር አይምታታ፤ የሌላ እምነት ባልደረባም የሚካተትበት የማስታወሻ ዘዴ ነው።

በሦስተኛው ቀን የሚጠየቀው ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ብቻ ነው። በሰባተኛው ቀን ቡና አፍልተው ቡድኑን ከረፋዱ ላይ ያስቀምጡ፤ አጀንዳ አይያዙ። በአቦሉ ላይ ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል፤ እኔ እንዳየሁት ከሆነ እውነተኛው ነገር የሚመጣው በቶናው ወይም በበረካው ላይ ነው፤ ስለዚህ ሦስተኛው ሳይጠጣ ማንም እንዳይነሣ ያድርጉ። ሠላሳኛው ቀን ዋነኛው ነው፤ ምክንያቱም አንድ ወር ሞልቶት ያልቀነሰ ምልክት ባለሙያ ሊያየው የሚገባ ስለሆነ ነው። በሰማንያው የሚጠየቁት በሠላሳው ምልክት የታየባቸውና መደበቅ የሚችሉ ናቸው የሚሏቸው ሰዎች ናቸው።

አጠያየቁ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ደኅና ነህ?» ብለው ቢጠይቁ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» የሚል መልስ ያገኛሉ፤ ይህ ሰላምታ እንጂ መልስ አይደለም፤ ሰውየውም እየደበቀዎት ሳይሆን ወጉን እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሚቆጠር ወይም የሚታይ ነገር ይሁን። ከአንድ በዕድሜ ከሚበልጡኝ ሹፌር ጋር በሰባተኛው ቀን የተነጋገርነው እንዲህ ነበር፦

«ጋሼ፣ ትናንት ስንት ሰዓት ተኙ?»

«ኧረ ልጄ፣ እንቅልፍማ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥሎኝ ይሄዳል።»

«ሲነቁ ምን ይመጣብዎታል?»

ብዙ ቆይተው «መንገዱ» አሉኝ። «በዚያች ኮረብታ ላይ ጥቂት ፈጠን ብል ኖሮ፣ እናትየዋ ትደርስ ነበር እላለሁ።»

በክልላችን ከአምቡላንስ ሥራ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ወላድ እናቶችን ማድረስ ስለሆነ፣ «ብደርስ ኖሮ» የሚለው ሸክም እጅግ የተለመደ ነው። መንገድ ተዘግቶ፣ ነዳጅ ጠፍቶ ወይም ጥሪው ዘግይቶ የደረሰው ሞት ከፍርሃት ይልቅ ጸጸት ትቶ ያልፋል፤ ጸጸት ደግሞ በ«አይዞህ» አይወጣም። የሚረዳው እውነተኛው መረጃ ነው። ያንን ቀን ወደተቀበላቸው ሆስፒታል ሄጄ ሐኪሙን ጠየቅሁ፤ ደሙ የፈሰሰው ጥሪው ከመደረጉ ከሰዓታት በፊት እንደነበረ አስረዳኝ፤ ሹፌሩን ይዤ ሄጄም ሐኪሙ በቀጥታ እንዲነግራቸው አደረግሁ። ጸጸቱ አልጠፋም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ «እኔ ገደልኋት» የሚለውን ቃል ከአፋቸው አልሰማሁም። ሆስፒታሎች የበሽተኛውን መጨረሻ ላመጣው ቡድን እንዲነግሩ ስምምነት ይፍጠሩ። የዳነም ካለ ይነገር፤ ሠራተኞቻችን የሞተውን ሁሉ ያውቃሉ፣ የዳነውን ግን ማንም አይነግራቸውም።

አንድ ነገር ልጨምር። በውጭ አገር የተዘጋጁ መመሪያዎች አደጋውን አንድ ቀን ተከስቶ የሚያልፍ አድርገው ይጽፋሉ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በደረሰው ጦርነትና ግጭት ምክንያት የእኛ ሠራተኞች አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን የሚቀበሉ፣ ብዙዎቹም የራሳቸው ዘመድ የሞተባቸው ናቸው። በአንድ ጊዜ ብዙ ቁጥሮች ከተደራረቡ፣ የአንዱ ሰባት ከሌላው ሠላሳ ጋር ከተገናኘ፣ ያ ሰው ምልክት ባያሳይም ቅድሚያ ይሰጠው።

ስድስተኛ ርምጃ፦ ወደ ሐኪም የሚላክበትን ጊዜ ይለዩ

ከአንድ ወር በኋላ ቅዠቱ ካልቀነሰ፣ አደጋው የደረሰበትን መንገድ ለማስቀረት ሩቅ ዞሮ የሚሄድ ከሆነ፣ ሁልጊዜ አደጋ እንደሚጠብቅ ሰው ንቁና ቁጡ ከሆነ፣ ደስ ይለው የነበረው ነገር ካላስደሰተው፣ መጠጥና ጫት ከጨመረ፣ ከልጆቹ ከራቀ ለምርመራ ይላክ። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። የሚላከው ሰው ብቻውን አይሂድ፤ ጥንዱ ወይም እርስዎ አብራችሁ ሂዱ፤ ወረፋ የሚይዝለትም ሰው ይኑር። በራሱ መሥሪያ ቤት መታየት የሚያሳፍረው ከሆነ ሌላኛው ይመረጥለት።

ለሕመሙ ውጤታማ ሕክምና መኖሩን ይንገሩት። ስለ አደጋው በተዘጋጀ ሥርዓት ደረጃ በደረጃ የሚደረግ የንግግር ሕክምና አለ፤ ከመጀመሪያው ሌሊት የግዳጅ ማናገር የሚለየው በሠለጠነ ባለሙያ፣ በጊዜውና በታካሚው ፈቃድ በመሰጠቱ ነው። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች ሊታዘዙም ይችላሉ፤ ውጤታቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ «አልሠራልኝም» ብሎ እንዳያቋርጥ ይከታተሉት።

ራስን ስለ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይዘራም። «መኖር የሰለቸህ ጊዜ አለ? ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብለው ረጋ ባለ ድምፅ፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ይጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነ ብቻውን አይተዉት፤ የጦር መሣሪያ የሚይዝ ሰው ከሆነ መሣሪያው ለጊዜው በግምጃ ቤት ይቀመጥ፤ መድኃኒትና ፀረ ተባይ ከቤት ይራቅ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ። መሣሪያውን ሲረከቡት ቅጣት እንዳልሆነና ሲሻለው እንደሚመለስለት በግልጽ ይንገሩት።

ሰባተኛ ርምጃ፦ ቤተሰብና የነፍስ አባት

ሚስት ወይም ባል ብዙ ጊዜ ከማንም በፊት ለውጡን ያያሉ፤ የሚነግሩት ግን የላቸውም። በዓመት አንድ ቀን የሠራተኞችን ቤተሰብ ይጥሩ፤ ምልክቶቹን ያስረዱ፤ ስልክዎን ይስጡ። የነፍስ አባቶችና ኢማሞችም ብዙ ሠራተኛ ከሐኪም በፊት የሚደርስባቸው ሰዎች ናቸውና ያነጋግሯቸው። ጠበል የሚጠመቅ ባልደረባ ጠበሉን እንዲተው አይጠየቅ፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ግን ከነፍስ አባቱ ጋር ተነጋግረው ይስማሙ። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ እንደሚቻል ከነፍስ አባቱ አፍ የሰማ ሰው፣ ከእኔ ከሰማው ይልቅ ይቀበለዋል።

ስምንተኛ ርምጃ፦ ወደ ሥራ መመለስ

ከሕክምና የተመለሰ ሰው ወዲያውኑ ወደ አዳር አይግባ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን ተራ፣ ከጥንዱ ጋር፣ አጠር ባለ ሰዓት ይሥራ። ወደ ቢሮ ወይም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት በዘላቂነት ማዛወር እንደ ርኅራኄ የሚቆጠር ቢሆንም ለብዙዎች የውርደት ስሜት ይሰጣል፤ ስለዚህ ሰውየው ራሱ ካልጠየቀ አይደረግ። ባልደረቦቹ ምን እንዲነገራቸው እንደሚፈልግ ራሱን ይጠይቁት፤ እርሱ ከፈቀደው በላይ አይናገሩ።

በደብተርዎ የመጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ ከባድ አደጋዎች የደረሱባቸውን ቀናት ይመዝግቡ። የተራ ፕሮግራም ስታወጡ ሙት ዓመቱ በሚውልበት ሳምንት ገጹን ይክፈቱት፤ በዚያ ቀን በዚያ መንገድ ወይም በዚያ የሐይቅ ዳርቻ የነበረውን ሰው አስቀድመው ጠርተው፣ ተረኛ መሆን ይፈልግ እንደሆነ ወይም ዕረፍት ይሻል እንደሆነ ይጠይቁት። የሟቹ ቤተሰብ ለተዝካር የጠራው እንደሆነም፣ ሄዶ የሚቀመጥበት ግማሽ ቀን ይፍቀዱለት።